ከቅጥሩ ውጭ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ልጃችንን በ80 ቀኗ ክርስትና አነሳናት። ታላቅ እህቴ እታለም ለዚሁ ብላ ከመንዝ መጣች። ሌሊት ተነስታ እስከ መሐል ሜዳ በእግሯ፣ ከዚያ በመዘዞ አድርጋ ጣርማበር፣ ከጣርማበር ደብረ ብርሃን። ለአራሷ ቅቤና በሶ፣ ለሕፃኗ ደግሞ ራሷ በፈተለችው የበግ ጠጉር የተሠራች ትንሽ ባና ይዛ ነበር።

ጠዋት ሁላችንም ቤተክርስቲያን ገባን። እታለም ግን ከቅጥሩ ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ ቀረች። ወጣ ብዬ «ነይ እንጂ፣ የወንድምሽ ልጅ ክርስትና አይደል እንዴ?» አልኳት። ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ «እዚሁ ይሻለኛል፣ ጉንፋን ይዞኛል» አለችኝ። የደብረ ብርሃን የጥር ጠዋት እንዴት እንደሚቆረጥም የምታውቁ ታውቃላችሁ። ጉንፋን የያዘው ሰው ብርድ ላይ ግንብ ተደግፎ አይቆምም። ይህን ያኔ አላሰብኩም። ተመልሼ ገባሁ።

ነገሩ የከነከነኝ በኋላ ነው። እታለም ውጭ ስትቆም ያየኋት ያን ቀን ብቻ አልነበረም። የእናታችን ተዝካር ጊዜ ከዛፉ ስር ነበረች። ታናሽ ወንድማችን በተክሊል ሲያገባ በር ላይ ቆማ እልል ብላለች፣ ግን አልገባችም። ወደ ኋላ ስቆጥር አራት ዓመት ሆነ። በአራት ዓመት ውስጥ እህቴን ቤተክርስቲያን ውስጥ አይቻት አላውቅም። ትሕትና ይመስለኝ ነበር። «እታለም እንደ ድሮ ሰው ናት፣ ራሷን ዝቅ ታደርጋለች» ብዬ ለባለቤቴ የነገርኳት ትዝ ይለኛል።

ትሕትና አልነበረም። ደም እየፈሰሳት ነበር።

«ለወንድ ይነገራል እንዴ?»

የዚያኑ ቀን ማታ እንግዳው ሁሉ ሄዶ እታለም መሶቡን ልታነሳ ብድግ አለች። አንድ እርምጃ ሄደች፣ ሁለት፣ ከዚያ ግድግዳውን ያዘችና ቀስ ብላ ወረደች። አልጮኸችም። መሶቡን እንኳ ሳትጥል መሬት አስቀምጣ ነው የተቀመጠችው። ፊቷ ላይ ቀለም የሚባል ነገር አልነበረም። ባለቤቴ እኔን ከክፍሉ አስወጣችና በሩን ዘጋች።

ሌሊቱን የውኃ ድምፅ ስሰማ አደርኩ። ሲነጋ ባለቤቴ መጥታ «ደም ነው። ዛሬ የጀመረ አይደለም፣ ዓመታት ነው» አለችኝ። «ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» ስላት ቀና ብላ አየችኝ። «ለወንድ ይነገራል እንዴ?»

ቀስ በቀስ የሰማሁት ይህ ነው። የወር አበባዋ ሲመጣ አሥራ ሁለት፣ አንዳንዴ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል። አሮጌ ነጠላ እየቀደደች ትጠቀማለች። ጨርቁን ሌሊት ታጥባለች። ፀሐይ ላይ አስጥታው አታውቅም፣ ሰው እንዳያየው አልጋ ስር ነው የምታደርቀው። በመንዝ ብርድ አልጋ ስር የተሰጣ ጨርቅ መቼ እንደሚደርቅ አስቡት። ብዙ ጊዜ እርጥቡን ትታጠቀው ነበር።

ሆዷም አድጓል። ጎረቤት እርጉዝ ናት አለ። ዘጠኝ ወር አለፈ፣ ዓመት አለፈ፣ ወሬው ግን አልቆመም። አንዷ «ብርድ ገብቶሽ ነው» አለቻት፣ ሌላዋ «ምች ነው» አለቻት፣ ሦስተኛዋ «ያ የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው ያመጣብሽ» አለቻት። በሽታዋ የማህፀን እጢ፣ ማዮማ፣ እንደነበርና መርፌውም እንደማያመጣው ያወቅነው በኋላ ነው። እሷ ግን ያኔውኑ አቆመች። አንድ ጊዜ ድካሙ ሲብስባት ወደ አንድ ክሊኒክ ሄዳ ነበር። ደም ተመርምራ ታይፎይድ ነው ተባለች፣ መድኃኒት ተሰጣት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፣ ሦስቱንም ጊዜ ታይፎይድ። ሆዷን ዳስሶ ያየ የለም። ስለ ወር አበባዋም የጠየቃት የለም፣ እሷም አልተናገረችም።

የነገረችው አንድ ሰው አለ። የነፍስ አባቷ። እሳቸውም ሰምተው ዝም አላሉም። «ይሄ ልማደ አንስት አይደለም ልጄ፣ ደዌ ነው። ጠበሉንም ጠጪ፣ ሐኪምም እዪ» አሏት። ጻድቃኔ ማርያም ሁለት ጊዜ ሄደች። ሐኪሙ ግን እየተላለፈ ቀረ። አጨዳ ነበር። የልጆቹ ትምህርት ነበር። ገንዘብ አልነበረም። ሁሉም ሲሟላ ደግሞ መንገድ ተዘጋ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልን ነው ያደግነው። ይህን ተረት እንደ ወቀሳ ነበር የማውቀው፤ የታመመው ሰው ጥፋት ነው ማለት ይመስለኝ ነበር። እታለም ግን አልደበቀችም። ሰሚ ነው ብላ ላመነችው ሰው ነግራለች። ለሌሎቻችን ደግሞ በየበዓሉ፣ በየተዝካሩ፣ ከግንቡ ጥግ ቆማ ታሳየን ነበር። ያልጠየቅነው እኛ ነን።

5.8

ሆስፒታል ስንገባ መጀመሪያ ያገኘችን አንዲት ሲስተር ናት። እታለምን አስቀመጠቻት፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ «ወንድሜ፣ አንዴ ውጭ ጠብቀን» አለችኝ። በሩ አልገጠመም ነበርና ሰማሁ። «እናቴ፣ ደሙ ሲመጣ በቀን ስንት ጊዜ ይቀይራሉ?» ዝምታ። «ሌሊትስ ይነሳሉ? እንደ ጉበት የረጋ ነገር ይወጣል?» እታለም መናገር ጀመረች። ድምጿ መጀመሪያ አይሰማም ነበር፣ እየቆየ ከፍ አለ። አራት ዓመት ሙሉ ያልተጠየቀችውን አንዲት ልጅ እግር ሲስተር በሁለት ደቂቃ ጠየቀቻት።

አልትራሳውንድ ተነሳች። ለምርመራ ደም ሰጠች። ከሰዓት በኋላ የማህፀን ሐኪሙ ዘንድ ገባን። «ማዮማ ነው» አለ። «የማህፀን ጡንቻ ላይ የሚበቅል እጢ ማለት ነው። ብዙ ናቸው። ማህፀኗ የ20 ሳምንት እርግዝና ያህል ሆኗል።» ካንሰር ነው ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አይደለም አለ፤ ማዮማ ካንሰር የሚሆነው በጣም አልፎ አልፎ ነው፣ ቢሆንም ሲወጣ እንመረምረዋለን አለ። ተነፈስኩ። «እሺ፣ መቼ ነው ኦፕራሲዮኑ?»

«አሁን አይሆንም።»

ዛሬም የምመላለስበት ያንን ሰዓት ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረው። የደም ማነስ መለኪያው ሄሞግሎቢን 5.8 ይላል። ለሴት ከ12 በታች ሲሆን ደም ማነስ ይባላል፣ ከ8 በታች ሲሆን ደግሞ ከባድ የሚባለው ነው። እኔ ቁጥሩን አላየሁም። የሰማሁት «አይሆንም» የምትለዋን ብቻ ነው። ተነሳሁ። «ሰው እየሞተ ቀጠሮ? እናንተ ቀጠሮ ስትሰጡ አይደል ሰው የሚያልቀው?» ብዬ ጮህኩ። ከውጭ ያሉት ሰዎች ዘወር አሉ። እታለም እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፣ መዳፏ ደግሞ እንደ ወረቀት ነጭ።

ሐኪሙ አልጮኸም። የላብራቶሪ ወረቀት ገልብጦ በእስክሪብቶ ሳለ። ማህፀን እንደ ተገለበጠች ትንሽ ቅል ናት። ከቅሏ ውጭ አንድ ትልቅ ክብ ሳለ፣ በግድግዳዋ ውስጥ ሁለት፣ ከውስጥ በኩል ወደ ባዶው ቦታ ብቅ ያለች አንዲት ትንሽ። «ይሄ ትልቁ ሆዷን ነው የገፋው። ፊኛዋን ይጫናል፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት የሚላት ለዚህ ነው። ደሟን የጨረሰቻት ግን ይቺ ናት» ብሎ ትንሿን ነካት። የማዮማ ክፋቱ በመጠኑ ብቻ እንደማይለካ፣ የበቀለበት ቦታ እንደሚወስነው ያን ቀን ገባኝ። ብርቱካን የሚያክል ይዛ ምንም ሳይሰማት የምትኖር ሴት አለች። ባቄላ የምታክል ወደ ውስጥ በቅላባት አልጋ የምትይዝም አለች።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለኝ። «ኦፕራሲዮን ላይ ደም ይፈሳል። የቱንም ያህል ብንጠነቀቅ ይፈሳል፣ በዚህ መጠን ያለ ማዮማ ሲሆን ደግሞ ብዙ ሊፈስ ይችላል። ጤነኛ ሴት ግማሽ ሊትር ቢፈሳት ትቋቋመዋለች። እህትህ የሚፈስ ደም የላትም። ልቧ ቁጭ ብላ እንኳ እንደሯጭ ነው የሚመታው። ዛሬ ብገባ ማዮማውን አወጣዋለሁ። እሷን ላወጣት አልችል ይሆናል።»

ተቀመጥኩ።

ለምን እንደዚያ እንደተናደድኩ ብዙ አስቤበታለሁ። ሐኪሙ ላይ አልነበረም ንዴቴ። አራቱን ዓመት በአንድ ከሰዓት በኋላ ቆርጦ የሚጥልልኝ ሰው ነበር የፈለግሁት። እህቴ ቶሎ እንድትድን የፈለግሁትን ያህል እኔም ከጥፋቴ ቶሎ እንድገላገል ፈልጌ ነበር። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። እህል ከሆነ እውነት ነው፣ ይለቀማል። ደም ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

አንዲት ሴት ከማዮማ ድና ወደ ቤቷ የምትመለሰው በሐኪሙ እጅ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቢላው ነው ሁሉን የሚወስነው ብዬ ነበር የማስበው። የሐኪሙ ሙያ ትልቅ ነገር ነው፣ አልክድም። ግን ከቢላው በፊት ያለው ዘመን ይበልጣል። ይህች ሴት ስንት ዓመት ቆይታ መጣች? ስንት ደም ይዛ መጣች? እጢው ሲያድግ ማን አየው? እታለም ያኔ ሄሞግሎቢኗ 9 ወይም 10 ሳለ ብትመጣ ኖሮ ያ ወረቀት ሌላ ነገር ይል ነበር።

ሰባት ሳምንት

ሁለት ከረጢት ደም ያስፈልጋታል ተባለ። አንዱን እኔ ሰጠሁ። ያን ቀን ነው የአንድ ከረጢት ደም መጠን ግማሽ ሊትር እንኳ እንደማይሞላ ያየሁት። ሁለተኛውን የሰጠው ባሏ ነው። ስልክ ደውዬ ስነግረው ብዙ ዝም አለ፣ ከዚያ «እርጉዝ ናት ብለው ነበር እኮ» አለኝ። በማግሥቱ ሁለት ሙክት ሸጦ መጣ። እድሜውን ሙሉ መርፌ የሚፈራ ሰው ነው። ደሙ ሲቀዳ ዓይኑን ጨፍኖ አባታችን ሆይን ደገመ።

አንድ ከረጢት ደም ሄሞግሎቢንን ከፍ የሚያደርገው በ1 ያህል ነው። ሁለቱ ከገቡላት በኋላ ስትለካ 7.7 ሆነች። ቀሪውን በክኒን ታሳድገዋለች ተባለ። የደም ማነስ ክኒን፣ ከዚያ ወር አበባዋ ሲመጣ ደሙን የሚቀንስ ሌላ መድኃኒት። እኛ ቤት ተቀመጠች።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚንቀው ይህንን ክፍል ነው።

እታለም ክኒኗን በቡና ነበር የምትወስደው። አቦሉ ሲቀርብ ክኒኗን ከመቀነቷ ታወጣለች፣ ጉርስ አድርጋ በቡናው ታወርዳለች። ባለቤቴ የቀጠሮ ቀን ለሲስተር ስትነግራት ሲስተር ራሷን ነቀነቀች። ቡናና ሻይ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዙታል። በባዶ ሆድ፣ በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ፣ ቡናው ደግሞ ሁለት ሰዓት ቆይቶ። ክኒኑ ሲሰጠን ይህን ማንም አልነገረንም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እታለም ጎህ ሲቀድ ተነስታ ግማሽ ብርቱካን ይዛ በረንዳ ላይ ትቀመጥ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ክኒኑን አቆመች። ለማንም ሳትናገር። ባለቤቴ የቀረውን ቆጥራ ነው የነቃችባት። ለካ ሰገራዋ ጥቁር ሆኖባት ነው። ደሙ በሌላ በኩል መውጣት ጀመረ ብላ ፈርታ፣ ስድስት ቀን ሙሉ ብቻዋን ስትፈራ ከርማ። የደም ማነስ ክኒን ሰገራ ያጠቁራል። ይህን ለመናገር አሥር ሰከንድ ይበቃል። ያቺ አሥር ሰከንድ ባለመኖሯ ስድስት ቀን ሄደ። የሐኪሞቹን ወረፋ አይቻለሁ፣ በር ላይ ስንት ሰው እንደሚቆም አውቃለሁ። ቢሆንም እላለሁ፣ ለገጠር ሴት ክኒን ስትሰጡ ምን ልታይ እንደምትችል አብራችሁ ስጧት።

ሌላው ቤቱ ነው። እታለም ደብረ ብርሃን ውስጥ ወንድም ባይኖራት ኖሮ ምን ትሆን ነበር? በየሁለት ሳምንቱ ለመለካት ከመንዝ ትመላለስ ነበር? በዚያ ደም አቀበት ወጥታ ቁልቁለት ወርዳ? አልጋ ተከራይታ? የጤና መድን ደብተር ነበራት፣ ብዙ ረድቶናል፣ ካርዱም አልትራሳውንዱም በዚያ ሆነ። ግን የሚጠፋ መድኃኒት አለ፣ ከውጭ ይገዛል። የትራንስፖርቱን ደብተሩ አይከፍልም። የሙክቶቹ ገንዘብ ያለቀው እዚያ ላይ ነው። ከእሷ ጎን ወረፋ ይዛ የነበረች የምንጃር ሴት ሁለተኛ ቀጠሮዋ ላይ አልመጣችም። እታለም እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ «ያቺ ሴትዮ ምን ሆና ይሆን?»

በሰባተኛው ሳምንት 10.6 ሆነች። የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለባሏ ላክሁለት። ስማርት ስልክ የሌለው ሰው ነው፣ በጎረቤት ልጅ ስልክ ነው ያየው። «አሥር ነጥብ ስድስት ምንድን ነው?» ብሎ ደወለ። ስነግረው «እንግዲህ ዘለቅን በለኛ» አለ።

«ከዚያ በኋላ እገባለሁ?»

በዚህ መሃል ምርጫ መጣ። ማዮማዎቹን ብቻ ለቅሞ ማውጣት አለ፣ ማህፀንን ጨምሮ ማውጣት አለ። መሥሪያ ቤቴ ያለች አንዲት የ29 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን ነው የተደረገላት። ልጅ አልወለደችም ነበር። አዲስ አበባ ሄዳ ማዮማው ብቻ ወጣላት፣ ቆይታ አረገዘች፣ በኦፕራሲዮን ወለደች። ማህፀኑ አንዴ ተሰፍቶ ስለነበር ምጥ እንዳይቀደው ተብሎ ነው። ለእሷ ትክክለኛው ያ ነበር። ማህፀን እስካለ ግን ማዮማው ተመልሶ ሊበቅል ይችላል፣ ይህንንም አውቃ ነው የመረጠችው።

እታለም 41 ዓመቷ ነው። ሦስት ልጆች አሏት። ማዮማ የሚያድገው በሴት ልጅ ሆርሞን ነውና ካረጠች በኋላ ይኮማተራል፣ ግን እስከዚያ ገና ብዙ ዓመት ነው፣ ደሟ አይጠብቃትም። ሐኪሙ ሁለቱንም ነገራት። ለእኔ አይደለም የነገረው፣ ለእሷ ነው። ወንበሩን አዙሮ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ። «ማህፀንሽ ቢወጣ እንቁላል ማምረቻሽ አይነካም፣ ሴትነትሽ አይሄድም። ልጅ ግን ከእንግዲህ አትወልጂም።»

የመንደሩን ወሬ አውቀዋለሁ። «ማህፀኗ የወጣ» ሲባል እንዴት ባለ ድምፅ እንደሚባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ስለ ባሏ ትጠይቃለች፣ ስለ ጉልበቷ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ። እታለም ነጠላዋን አስተካከለች።

«ከዚያ በኋላ ደሙ አይመጣም?» አለች።

«አይመጣም። ቁስሉ እስኪድን ትንሽ ትንሽ ሊታይ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ የለም።»

«ቤተክርስቲያን እገባለሁ?»

ሐኪሙ ወዲያው አልመለሰላትም። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገና መልሶ አደረገ። «ትገቢያለሽ» አላት።

እሷም «እንግዲያው ይውጣ» አለች። ባሏን ዞር ብላ አየችው። እሱ ራሱን ዝቅ አደረገ፣ እሺ ማለቱ ነው። ፈረመች። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምራለችና ስሟን በደንብ ትጽፋለች፣ ጊዜ ወስዳ እያንዳንዷን ፊደል ጻፈች።

ሳሎን ውስጥ ያለው ሰዓት

ኦፕራሲዮኑ ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀ። ስለዚያ ብዙ የምለው የለኝም። ኮሪደር ላይ የቆመ ሰው ምን ያደርጋል? አንድ ከረጢት ደም ተዘጋጅቶ ነበር፣ እሱም ገባላት። የሚፈሰው ደም እንደሚኖር አስቀድመን አውቀን ነበር። 5.8 ላይ ብትገባ ኖሮ ያ ደም ከየት ይሆን ነበር?

ሐኪሙ ሲወጣ የወጣውን አሳየን። በሳህን ላይ ነበር። ማየት ያስፈራኛል ብዬ ነበር፣ ግን አየሁት። አንዱን እጢ ለሁለት ሰንጥቆት ነበር። ውስጡ ነጭ ነው፣ ጠንካራ፣ ክር በክር ላይ የተጠመጠመበት። ልክ እታለም ስትፈትል የምታጠነጥነው የሱፍ ክር ይመስላል። እጇ ስንት ዓመት ስታጠነጥን ሆዷ ውስጥም ይህ ሲጠነጠን ኖሯል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ለምርመራ በዕቃ አድርገው ለእኔ ሰጡኝና ወደ ላብራቶሪ ተሸከምኩት። ይከብድ ነበር። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፣ ካንሰር የለበትም።

በአራተኛው ቀን ወጣች። ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር እንዳታነሳ ተባለች፣ እንስራ የለ፣ እንጨት የለ፣ ኩበት የለ። እኛ ቤት ሆና ያን ጠበቀች። የሳሎናችን ሰዓት ስር ተቀምጣ ልጄን ታስተኛለች። ቀስ በቀስ ፊቷ ላይ ቀለም ገባ። አንድ ቀን ባለቤቴ ጠርታኝ «እጇን እይ» አለችኝ። መዳፏ ቀልቶ ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት ብዙ ሴቶች መጥተው ጠየቋት። ከጠየቋት ውስጥ ሦስቱ በር ላይ ሲሰናበቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እኔም እኮ...» ብለዋል። አንዷ የአከራያችን ሚስት ናት። በየቀኑ ሰላም የምንባባል ሰው። በአሜሪካ ተጠንቶ በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ አለ፤ በአልትራሳውንድ ሲታይ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላቸው ድረስ ከጥቁር ሴቶች ከ80 በመቶ በላይ፣ ከነጮቹ 70 በመቶ ያህሉ ማዮማ ይኖርባቸዋል ይላል። አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፣ ሕክምናም አያስፈልጋቸውም። ይህን ሳነብ የታየኝ ቁጥሩ አልነበረም። በየሰንበቱ በየቅጥሩ ጥግ የማያቸው ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ በወጉ ነው የቆሙት፣ የወሩ ቀን ደርሶባቸው። ሳምንት ያልፋል፣ ይገባሉ። በሚቀጥለው ሰንበትም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም እዚያው የማያት አንዷ ግን አለች።

አሁን እህት ያለው ጓደኛዬ ሁሉ ላይ አፌን እከፍታለሁ። መጀመሪያ ያፍራሉ። «በቀን ስንት ጊዜ ትቀይሪያለሽ ብለህ ልትጠይቃት ካልቻልክ፣ ሚስትህ ትጠይቃት» እላቸዋለሁ። «ስትቆም ያዞራታል ወይ? ቡናው ካለቀ በኋላ ለመነሳት ግድግዳ ትይዛለች ወይ? ወሩ ከሰባት ቀን ያልፋል ወይ?» ይህን ለመጠየቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

እታለም ወደ መንዝ የተመለሰችው ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ነው። ከዚያ በኋላ ያገኘኋት ለኅዳር ጽዮን ነው። ልጄን አዝለን መንዝ ሄድን። ሌሊት ነው የደረስነው፣ ጠዋት ብርዱ እንደተለመደው አጥንት ይገባል። ሕዝቡ ብዙ ነበር። ቅጥሩ ጋ ስደርስ እንደ ልማዴ ወደ ግንቡ ጥግ ዞርኩ። ከዛፉ ስርም አየሁ። ሁለት ሴቶች ነበሩ፣ እሷ ግን የለችም። ቀድማን ነበር የወጣችው፣ የት ገባች ብዬ ደነገጥኩ። ዞሬ ዞሬ አጣኋት።

ባለቤቴ ነጠላዬን ጎተተችና በአገጯ ወደ ውስጥ አመለከተችኝ። በሴቶች በኩል፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ ጫማዋን አውልቃ ቆማለች።